ከቃላድ እስከ ሳተላይት፦ ጮቄን ሲለኩ

በጎጃም ደጋ ሜትር ይዞ ማሳ ላይ መቆም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ገመዱን ዘርግቶ፣ አራት ችካል ተክሎ፣ በመካከሉ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ አንድ በአንድ መቁጠር ሲጀምር፣ ከዳር ቆሞ የሚያየው ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሣሩ አይደለም። «ምን ልታደርጉት ነው የምትለኩት?» ይላል። ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲና ከወረዳ የተጻፈለትን ደብዳቤ ያወጣል። ደብዳቤው ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ግን ጥርጣሬውን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ጥርጣሬው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በሸዋና በደቡብ መሬት ቃላድ በሚባለው የመለኪያ ገመድ ተለክቶ ሲሸነሸን ጎጃም ርስቱን ይዞ፣ ለካዩን ከደጁ እየመለሰ የኖረ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የግብርና ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ በሞጣና በሌሎች አውራጃዎች ሲነሣ፣ ከግብሩ ይልቅ ያስፈራው ከግብሩ ጀርባ ይመጣል ብሎ የጠረጠረው ልኬት ነበር። ዛሬ ሲለካ ነገ ይወረሳል ነው ነገሩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ልኮም አልሆነለትም፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽግ መጣና ገመድ እንደገና ማሳ ለማሳ ተጎተተ፤ አንዱ አገኘ፣ ሌላው አጣ። እንግዲህ በጎጃም የሥነ ምህዳር ምርምር ታሪክን መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ገመድ ቢጀምር አይሳሳትም። ተመራማሪው መሬት ሊወስድ አልመጣም፤ ገበሬውም ሞኝ አይደለም።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚለካው ነገር ጮቄ ነው። የጮቄ ተራራ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ቅሪት ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከትከሻው የሚወርዱት ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ዓባይ ጎጃምን ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ እንደ መቀነት ስለዞረው ግን የትም ቢሄዱ መጨረሻቸው እሱው ነው። ደብረ ማርቆስ የተቀመጠችው በዚህ ተራራ ደቡባዊ እግር ሥር ነው። ከከተማዋ ወደ ላይ ሲወጣ ጤፍና ስንዴው ለገብስና ለድንች ይለቃል፤ ከገብሱ በላይ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በላይ አስታ፣ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ ይመጣል። ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን አከፋፈል ገበሬው ከማንም ፕሮፌሰር በፊት ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው በላይ ስማኔ ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 ባሳተሙት ጥናት የጮቄን ተፋሰሶች በስድስት የእርሻ ሥነ ምህዳሮች ሲከፍሉ፣ የአፈሩን ቀለምና የመሬቱን ተዳፋት ጨመሩበት እንጂ መሠረቱ ያው የገበሬው መሰላል ነው።

ከውጭ መጥተው ይህን አገር በመሣሪያና በብዕር መለካት ከጀመሩት ሰዎች ስማቸው ጎልቶ የቀረው ዓባይን ፍለጋ የመጡት ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ በ1618 ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እዚያው ሲደርስ ፓኤዝን ውሸታም አድርጎ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ይህ የፈረንጆች የይገባኛል ክርክር ሰፊ ቀለም ፈሶበታል፤ ምንጩ አጠገብ ይጸልዩ ለነበሩት ሰዎች ግን ምንም ያልፈየደ ክርክር ነው።

ከክርክሩ ይልቅ የሚያስገርመው ብሩስ ይዞት የመጣው ሰው ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ ወጣት ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በመንገድ ያገኙትን ዕፅዋት ቅጠሉን ከነጅማቱ፣ አበባውን ከነፍሬው እያደረገ ይሥል ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኮሶ ነው። የኮሶ ትል ያለበት አበሻ ሁሉ ያውቀው የነበረውን መድኃኒት የአውሮፓ ሳይንስ በሥርዓት የመዘገበው ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ነው፤ ዛሬም የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ በቅንፍ የሚገባው ብሩስ ነው። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በ1771 ሞተ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አሳተማቸው። የመስክ ረዳት ሥራውን ሠርቶ ስሙ ከኅትመት መጥፋቱ በዛሬው ዩኒቨርሲቲም የማይሰማ ሐሜት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት ግን ገና ከጅምሩ በዚህ እንደተለከፈ ልብ ይሏል።

ቻርልስ ቢክ ከ1841 እስከ 1843 ጎጃም ውስጥ ኖሮ ስለ ባሶ ገበያ፣ ስለ መንገዶችና ስለ ቋንቋዎች ጽፏል። ሮበርት ቺዝማን ደግሞ ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ በበቅሎና በእግር ቃኘ፤ መጽሐፉ በ1936 ወጣ። ቺዝማን በሹመቱ ዲፕሎማት ይሁን እንጂ በልቡ ወፍ ተመልካች ነበር። ቀን የቆንስላ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሌላውን ጊዜ ወፍ ይመዘግባል፤ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር ከአንድ የአገሩ ሊቅ ጋር አሳትሟል። በጎጃም ለረጅም ዓመታት አንድ ቦታ ተቀምጦ የተፈጥሮ ማስታወሻ የያዘ ሰው ከፈለግን እሱን ማለፍ አይቻልም። ደመወዙ የሚከፈለው ስለ ወፍ ባይሆንም ማለት ነው።

በእነዚህ መንገደኞች መካከል ባለው ጊዜ ደብረ ማርቆስ ራሷ ተቆረቆረች። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1853 ሲቆረቁሯት ስሟ መንቆረር ነበር፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ከተማዋ በታቦቱ ስም ተጠራች። የንጉሥ ከተማ ግብር ያበላል፣ ጠጅ ይጥላል፣ እልፍኝና አዳራሽ ይሠራል፤ ይህ ሁሉ እንጨት ይበላል። በአዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን የተጀመረው ባሕር ዛፍ ቆይቶ ወደ ጎጃም ሲዘልቅ ይህን ረሃብ ለማስታገስ ነበር። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በየጓሮው፣ በየማሳው ዳር፣ በየመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ባሕር ዛፍ ለገበሬው የባንክ ደብተር ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ቆርቆሮ ሲያስፈልግ ይቆረጣል።

ሊቃውንቱ ዛፉን እንደ ገበሬው አላዩትም። ውኃ ይመጥጣል፣ አፈር ያደኽያል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ብለው ብዙ ጽፈውበታል፤ ከጻፉት ውስጥ እውነትም አለ። ነገር ግን ባሕር ዛፍን ከዛፍ ቆጠራ ውስጥ ማስገባትና አለማስገባት ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ጎጃም ላይ በግልጽ የታየው ቆይቶ ነው፤ እዚያ ከመድረሳችን በፊት መቁጠሪያው ራሱ እንዴት እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል።

የአገር ልጅ የሆነ የዕፅዋት ሳይንስ መልክ የያዘው በአዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ባለው ብሔራዊ ሐርበሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ ውስጥ ነው። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝገብ ፕሮጀክት በመጀመሪያ በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኋላም በሰብስቤ ደምሰው እየተመራ፣ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥራውን በ2009 አጠናቀቀ። ስምንት ቅጽ ነው፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተመዝግበውበታል። መዝገቡ አገሩን በአካባቢ ሲከፍል ጎጃም የራሱ ምልክት አለው። አንድ ተክል ከጎጃም ናሙና ካልመጣለት፣ ተራራው ላይ ሞልቶ ቢገኝ እንኳ፣ በመዝገቡ ዘንድ ጎጃም የለም ማለት ነው።

ናሙና ማምጣት ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ተክሉ አበባው ወይም ፍሬው ላይ እያለ ይቆረጣል፤ በጋዜጣ ገጽ መካከል አንዱ ቅጠል ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን እንዲያሳይ ተደርጎ ይዘረጋል። ጋዜጣው በካርቶን፣ ካርቶኑ በእንጨት ፍርግርግ መካከል ገብቶ በጠፍር ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። ማታ ማታ ጋዜጣው ይቀየራል፤ አለዚያ ይሻግታል። የጮቄ ጭጋግና ካፊያ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው፣ ስለዚህ የሚቀየረው ጋዜጣ ከተክሉ በላይ ሻንጣ ይሞላል። በማስታወሻው ላይ ከፍታው፣ አቅጣጫው፣ የአፈሩ ዓይነትና የአካባቢው ስም ይሰፍራል። የአካባቢውን ስም የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ እረኛው ነው። ልጁ ጥንጁትን፣ አሜጃን፣ ቀጋን ከነጥቅሙ ይቆጥራል፤ የቱን ፍየል እንደሚወደው፣ የቱ ለቅራሪ ማጠኛ እንደሚሆን፣ የቱ ዕቃ እንደሚያሽት ሳይጠየቅ ይጨምራል። ከተሜው ተማሪ ይህን ሲሰማ ያፍራል፣ ቢያፍርም ይገባዋል።

ዕፅዋቱን ከመዘገቡት ሌላ፣ አፈሩን መለካት የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ከደምበጫ ወጣ ብሎ የምትገኘው አንጀኒ በ1984 የምርምር ጣቢያ ሆነች። ጣቢያዋ የታቀፈችበት፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነበር፤ ሐንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የመልክዓ ምድር ሊቅ ዋናው ሰው ነው። የተመረጠው ተፋሰስ ትንሽ ነው፣ 113 ሄክታር ገደማ፤ ምንጨት የምትባል ጅረት ትወርድበታለች። ዓመታዊ ዝናቡ ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ የአፈር ጠላት የሆነ ዝናብ ነው።

የሥራው ዕለታዊ መልክ ይህ ነው። በጅረቷ መውጫ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚያሳይ ባለ ቁጥር መለኪያ ተተክሏል። ከአካባቢው የተቀጠረ ሰው በየቀኑ ያነባል። ዝናብ ሲወርድና ውኃው ሲደፈርስ ግን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ሌሊትም ቢሆን ባትሪውን ይዞ ይወጣል፣ በየ10 ደቂቃው በአንድ ሊትር ጠርሙስ ድፍርሱን ይቀዳል። ጠርሙሱ ሲረጋ ከሥሩ የሚቀረው ጭቃ ይደርቅና ይመዘናል። ያ ጭቃ ትናንት የአንድ ሰው የጤፍ ማሳ ነበር። ከአንጀኒና ከሌሎቹ የፕሮጀክቱ ጣቢያዎች በተሰበሰበው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው ሁርኒ በ1993 የኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር በሄክታር ያጣል ያለው። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ስንት ሪፖርት፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የሚኒስትር ንግግር ውስጥ እንደገባ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ከበስተጀርባው በጨለማ ጠርሙስ የያዘ ሰው እንዳለ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

በ1986 በአንጀኒ እርከን ተሠራ፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት፣ ከኬንያ የተወሰደው «ፋንያ ጁ» የሚባለው ዓይነት። እርከኑ አፈሩን ያዘ፤ ከዓመት ዓመትም ተዳፋቱ እየተስተካከለ ደረጃ መሰለ። ገበሬው ግን እህሉን ነው የሚቆጥረው፤ ምርቱ አልጨመረም። እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ መሬት ይቀማል፣ ከበላዩ ውኃ ይቋጥራል፣ በሬ ለማዞር አያመችም፣ አይጥም ይራባበታል። የፕሮጀክቱ ተመራማሪዎች ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ በ1999 ይህንኑ በቁጥር አረጋግጠው ጻፉ፤ የአፈር መሸርሸሩ ቀንሷል፣ የምርት ጭማሪ ግን አልታየም። አፈር ለልጅ ልጅ ነው፣ እህል ለዘንድሮ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ልኬት እስካሁን በቀላሉ አልተገኘም።

ወደ ዛፉ እንመለስ። በ2001 እና በ2002 «ማውንቴን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት» በተባለው መጽሔት ስለ ጎጃም ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንደኛው የገተ ዘለቀና የሁርኒ ሲሆን ስለ ደምበጫ አካባቢ ነው። ሁለተኛው የወልደ አምላክ በውቀት ነው፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ስለሚያልፈው ጨሞጋ ተፋሰስ። ሁለቱም የጀመሩት ከአንድ ዘመን ማስረጃ ነው፤ በ1957 ከተነሡት ጥቁርና ነጭ የአየር ፎቶግራፎች። ቀጥለው ሁለቱም የ1982ን ፎቶግራፍ አመሳከሩ።

ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሁለት ተከታታይ ፎቶዎች ባለ መስተዋት መመልከቻ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዓይን ሲለምድ ሁለቱ ምስሎች ይገጥሙና ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል፣ ገደሉ ይሰምጣል። ደን ጥቁርና ሸካራ ሆኖ ይታያል፤ ማሳ ነጣ ያለ፣ በመስመር የተከፋፈለ ነው፤ ግጦሽ ለስላሳ ግራጫ ነው። ቁጥቋጦና የተቆረጠ ደን ሲገናኙ ግን ወሰኑ የቱ ጋ ነው? እርሳሱ የሚቆመው የተመራማሪው ፍርድ በቆመበት ነው። ስለዚህ አንገቱ እስኪደነዝዝ አጎንብሶ ከሠራ በኋላ ካርታውን ይዞ አገሩ ድረስ ይሄድና ሽማግሌ ይጠይቃል። «አባ፣ እዚህ ጋ በንጉሡ ጊዜ ምን ነበር?»

ገተና ሁርኒ በደምበጫ ያገኙት መርዶ ነበር። በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ የሸፈነው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። የታረሰው መሬት ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ ወጣ። ገደል እንኳ ሳይቀር ታርሷል። ወልደ አምላክ ግን 36,400 ሄክታር በሚሰፋው ጨሞጋ ያገኙት ሌላ ነው። በ41 ዓመት ውስጥ የደን ሽፋን በየዓመቱ በ11 ሄክታር ገደማ ጨምሯል! ቁጥቋጦው መጀመሪያ ቀንሶ በኋላ አገግሟል።

አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ የዚያው ተራራ ጎንና ጎን፤ መልሱ ግን ተቃራኒ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ይኖራል። አልተሳሳቱም። ደምበጫ በ1957 ሊያጣው የሚችል ደን ነበረው፤ ጨሞጋ ያን ጊዜ አስቀድሞ ተራቁቷል፤ የንጉሥ ከተማ የበላውን ከበላ ቆይቷል። በጨሞጋ የጨመረው «ደን» ደግሞ በአብዛኛው ገበሬው በጓሮው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ገተ የተፈጥሮ ደንን ለይተው ቆጠሩ፤ ወልደ አምላክ የሰው እጅ የተከለውንም አዩ። በዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር አለ፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን ይጠቅሱና እሱን ይዘሉታል። በወንዝ ዳር የነበሩት ዛፎች በአራት አሥርት ዓመታት በ79 በመቶ ቀንሰዋል። እንግዲህ ጨሞጋ ዛፍ አተረፈ፣ ወንዙ ግን ጥላውን አጣ። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል።

ከዚህ ወዲህ በጎጃም የመሬት ሽፋን ለውጥ የማያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማግኘት ከባድ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የጮቄን ተፋሰስ ደጁ ላይ አግኝቶታል፤ ለመምህሩ መስኩ ከክፍሉ ሁለትና ሦስት ሰዓት የማይርቅበት ዩኒቨርሲቲ በአገራችን ብዙ አይደለም። የመምህሩ ዓመት በሰሚስተር የታሰረ ነው፤ ጮቄ ግን በሰሚስተር አያብብም። ብዙው ተክል የሚያብበው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ልክ ምዝገባና ትምህርት ሲጀመር ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ይወጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ይህንንም መንገድ ዘግቶ ብዙውን ተመራማሪ ወደ ሳተላይት ምስል መልሶታል። ሳተላይት የይለፍ ደብዳቤ አያስፈልገውም፣ ሽማግሌም አይጠይቅም።

ሳተላይት የማያየው ነገር ጫፉ ላይ አለ። ጅብራ ከመሬት እንደ ግንድ ተነሥቶ በራሱ ላይ ሰፋፊ ቅጠሎቹን የሚዘረጋ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ ተክል ነው። ቀን ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። በብርዱ ጊዜ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል፣ ሲነጋ ይከፍታል። ብዙ ዓመት በዝግታ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ጥናት የአየር ንብረቱ በተተነበየው መጠን ከሞቀ በ2080 ለጅብራ የሚመች ቦታ ከዛሬው በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ ይቀራል፤ ከዘረ መሉ ብዝኃነትም 82 በመቶው ይጠፋል ብለዋል። ምክንያቱ ለማንም ተራራ ወጪ ይገባዋል። ሲሞቅ ተክሉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከጫፉ በላይ ግን ሰማይ ነው። ከታች ደግሞ የገብስና የድንች ማሳ እየተከተለው ይወጣል።

ቀይ ቀበሮ ከዚህ ተራራ አስቀድሞ ሄዷል። ተመራማሪዎች በየተራራው እየዞሩ ሲቆጥሩ ጮቄን ያስገቡት ቀይ ቀበሮ ከጠፋባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው። መንዝ ውስጥ በዚሁ ሣር ስም የሚጠራው የጓሳ አካባቢ ግን ዛሬም ቀበሮ አለው። እዚያ ሣሩ ለዓመታት እየተዘጋ፣ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት አባቶች በወሰኑት ጊዜ ብቻ እየተከፈተ ለዘመናት ቆየ፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ጓሳው ካለ አይጥና ፍልፈሉ አለ፤ እነሱ ካሉ ቀበሮው አለ። ጮቄ ላይ ጓሳው ታጭዶ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፤ ለደሃ ደገኛ ይህ ኑሮ ነውና ማንም ተነሥቶ ሊኮንነው አይችልም።

ከደጋው በታች የቀረው የጥንት ደን የት ነው ለሚል መልሱ የታወቀ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው በአጸዱ ውስጥ ተከብሮ ቆሟል። ይህን ደን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው ዓለማየሁ ዋሴ ነው፤ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጠረ፣ በ2007ም ከሆላንዱ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። ከቆጠራው ሌላ ያስተዋለው ነገር ነበር፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ችግኝ ግን የለም። ከብት ገብቶ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ደኑ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ሆኗል። መፍትሔው ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ በዙሪያው ካብ መካብ ሆነ፤ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ገንዘብ አፈላልጎ፣ ቀሳውስቱን አስማምቶ፣ ገበሬው ድንጋዩን ተሸክሞ ካቡ ተሠራ። ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት። አንጀኒ ላይ ጠፍቶ የነበረው የሁለት ወገን ጥቅም እዚህ ተገኘ ማለት ይቻላል።

አሁን የጎጃም ተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው ወደ ምዕራብ፣ አዊ ውስጥ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በአሲድ የተጎዳ መሬታቸው ላይ ከአውስትራሊያ የመጣውን «ዲከረንስ» የተባለ ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን አብረው ይዘሩበታል፤ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ሲደርስ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉም በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። ይህን ያደረገው መንግሥት አይደለም፣ ፕሮጀክትም አይደለም፤ ገበሬው ራሱ አስልቶ ነው። በሳተላይት ምስል ላይ ፋግታ ለኮማ ከዓመት ዓመት አረንጓዴ ስትሆን ታየች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የዛገ መልክ ያለው የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን ከጫፉ ጀምሮ እያደረቀው ነው፤ አንዳንዱ ገበሬ ሳይደርስ እየቆረጠ ከሰል አደረገው፣ አንዳንዱ ወደ ባሕር ዛፍ፣ አንዳንዱ ወደ ድንችና ስንዴ ተመለሰ። የቀጣዩን ዓመት ምስል ከፍቶ «የደን ሽፋን ቀነሰ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ መጀመሪያ እንጅባራ ገበያ ወርዶ የአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ቢጠይቅ ይሻለዋል።